የአክስቴ አረምና የእኔ እጆች

በአክስቴ ግቢ «አረም» ብሎ አፉን የከፈተ ሰው የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ነው የሚወጣው። አባቴ እንኳ፣ ታላቅ ወንድሟ ሆኖ፣ ስንቴ ግማሽ ብርጭቆ ትቶ ብድግ እንዳለ እኔ ምስክር ነኝ። «ስሙን ካላወቅኸው ዝም በል፤ እግዜር የፈጠረውን አረም እያልህ አትሳደብ» ትለዋለች። እሱም «ስሙንማ መች አጣሁት? ሳማ ይባላል፣ ክንዴን የለበለበኝ!» ይላል። ይህ ክርክር እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ነው።

ግቢው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ነው። አያቴ ለሁለቱ ልጆቹ እኩል አውርሷቸው ሞተ። አባቴ ሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት መሬት ለሱ ያልታጠበ ፊት ማለት ነው። የራሱን ድርሻ ከቤታችን ደጃፍ አንሥቶ እስከ መሐል ድረስ ሊሾ አስደርጎታል። ሊሾው ያለቀበት ላይ የአክስቴ ድርሻ ይጀምራል፤ እሱ ጫካ ነው። እኔ ያደግሁት አንድ እግሬን ሊሾው ላይ፣ አንድ እግሬን ሣሩ ላይ አድርጌ ነው። አክስቴ ልጅ የላትም፣ ባሏም ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ስለዚህ ግማሽ ቀን የናቴ፣ ግማሽ ቀን የሷ ነበርሁ። «አንች» እያልሁ ነው የማናግራት። አድጌ ጨዋ ልሁን ብዬ «እርስዎ» ያልኋት ቀን «እንዴ! አረጀሁ እንዴ?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ከመስከረም ጀምሮ ያን ግቢ ማየት ነው! አደይ ይፈነዳል፣ መጭ ይከተላል፣ ቢጫ በቢጫ ይሆናል። ኮሸሽላው እሾሁን ዙሪያውን ደርድሮ መሐል ላይ ክብ አበባውን ያወጣል፤ ቅረቡኝ ነው የሚል፣ አትቅረቡኝ ነው የሚል፣ አይታወቅም። በሩ አጠገብ አስተናግር አለ። መለከት የመሰለ ነጭ አበባው ሲመሽ ይከፈትና መንገደኛውን ያስቆመዋል፤ ፍሬውን የቀመሰ ግን ራሱን ስቶ ሲለፈልፍ ያድራል፣ በዚያው የሚቀርም አለ። ቧንቧው በሚያንጠባጥብበት ጥላ ሥር፣ ቢራቢሮ የመሰለ ነጭ አበባ ያለው እንሶስላ አለ። አጥሩ ላይ ደግሞ ሁለት ሐረጎች ተቃቅፈው ይኖራሉ። አንደኛው ጧት ጧት ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ገራም ሐረግ ነው። ሁለተኛው አዞ ሐረግ ነው። አዞ ሐረግ ሲያብብ አጥሩን በነጭ ያለብሰዋል፤ አበባው ካለፈ በኋላ እንኳ ብር የመሰለ ጸጉር አውጥቶ በነፋስ ይወዛወዛል። ጭማቂው ግን የነካውን ቆዳ ይልጣል። አክስቴ ገና ዳዴ ስል ጀምራ ያስተማረችኝ ሕግ ይህ ነው፤ «አዞ ሐረግን በዓይንሽ ውደጅው፣ በእጅሽ እንዳትነኪው።»

ታዲያ ያማረ ሁሉ የሚያሞኛት እንዳይመስላችሁ። የልብ ጓደኛዬ፣ ኋላ ሚዜዬ የሆነችው፣ የጣና ዓሣ አስጋሪ ልጅ ናት፤ አባቷ ጀልባም ይሠራሉ። አንድ ቀን በአባቷ መረብ የተጠለፈ እምቦጭ ከነአበባው ይዛላት መጣች፤ ደስ ይላታል ብላ። አክስቴ ወይን ጠጅ አበባውን አገላብጣ አየችው፤ «ወይ ውበት! ወይ ውበት!» አለች። ከዚያ ሥሩ ጠብታ ውሃ ሳይነካ ወስዳ ሊሾው ላይ ፀሐይ አሰጣችውና እስኪሰባበር አደረቀችው። «ሐይቅ የሚያንቅ ቆንጆ እኔ ቤት አያድርም» አለች። የአባቴ ሊሾ ጠቅሟት የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ የዛተው በሳማው ምክንያት ነው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጭ ሸሚዙን እንደ ለበሰ እሷ ዘንድ ጎራ ብሎ ወንበር ሳብ ሲያደርግ ክርኑ ሳማው ውስጥ ሰጠመ። ኧረ እንዴት እንደ ጮኸ! አክስቴ ሳቋን መግታት አልቻለችም፤ እሷ በሳቀች ቁጥር እሱ ባሰበት። «ስሙኝ!» አለ፣ ቆሞ ክንዱን እያከከ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጫካ ምክንያት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቢጎዳ በማግሥቱ ሲሚንቶ ነው የማስገለብጥበት!» እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀኝ እጇን አነሣች፤ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በእኔ አበባ ሰው አይጎዳም!» ይች መሐላ ከአፏ አትጠፋም ነበር። ለምታቀርብልን ወተት ንጽሕናም፣ ለጎረቤት ወሬም «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ነው። አባቴ ደግሞ የተናገረውን የማይተው ሰው ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብትለው «እናያለን» ብሎ ሻዩን ትቶ ወጣ።

እንግዲህ እኔ ለማግባት የተነሣሁት በዚህ ዛቻ መሐል ነው። ባሌ የመራዊ ልጅ ነው፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እናቴ የእጄን ጉዳይ ለውበት ሳሎን ሰጥታ ጨርሳለች፤ ረጅም ጥፍር፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር። አክስቴ ግን «ለሠርግሽ እንሶስላ የማሞቅሽ እኔ ነኝ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ቧንቧው ሥር ያለው የዚያ ነጭ አበባ ሥር ይወቀጣል፤ እጅ ይለቀለቅበታል፣ በጉሎ ቅጠል ይጠቀለላል፣ በፍም ይሞቃል፤ ሲያድር ቀልቶ ይገኛል። ሥሩን ገና በመስከረም ቆፍራ በእርጥብ አፈር ቀብራ አስቀምጣልኛለች። ይህን እያየሁ ሳሎን ልሂድ? የማይሆን ነገር!

«እጅሽን ታበላሸዋለች፤ አላልሁሽም እንዳትይኝ» አለች እናቴ።

«ታበላሸው» አለ አባቴ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ። «እኔም ሲሚንቶውን አዘጋጃለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ እጄ ካማረ የአክስቴ ግቢ ይተርፋል፣ እጄ ከተጎዳ ግቢው ሊሾ ይሆናል። ሰው በሠርጉ ስለ ቬሎ ይጨነቃል፤ እኔ ለሳማና ለኮሸሽላ ዋስ ሆኜ ቁጭ አልሁ።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል፣ አመሻሹ ላይ፣ አክስቴ፣ ሚዜዬና እኔ እሷ ጓዳ ተሰበሰብን። አክስቴ እንደ ድሮዋ ታዝዛለች፣ ትሳደባለች፣ ታንጎራጉራለች። እጄን ለቀለቀችና በጉሎ ቅጠል ጠቀለለችው። ለማሰሪያ ጨርቅ አትወድም፤ «ጨርቅ ቀለሙን ይጠጣብኛል» ትላለች፤ ሁልጊዜ የምታስረው በዚያ በገራሙ ሐረግ ነው። ቢላዋ ይዛ ወደ አጥሩ ወጣች። ቆየች። ሚዜዬ «መጥቼ ላግዝሽ?» ብላ ብትጣራ «የገዛ አጥሬን ልታሳይኝ ነው?» የሚል መልስ መጣ። ስትመለስ ጣቷን በቀሚሷ እያሻሸች ነው። «ይኼ ሳማ፣ ምን አባቱ፣ እኔንም መንከስ ጀመረ!» አለች፤ ሦስታችንም ሳቅን። ሐረጉ እንዲለሰልስ በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቼን ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ።

እጅ የሌለው ሰው መቀለጃ ነው። ሚዜዬ እራት ስታጎርሰኝ ጉርሻውን አፌ ድረስ አምጥታ ትመልሰዋለች፤ አፍንጫዬን ሲበላኝ «ስንት ትከፍይኛለሽ?» ትላለች። በዚህ መሐል አንጓዬ ያቃጥለኝ ጀመር። «አክስቴ፣ ያቃጥላል» አልኋት። «ካላቃጠለ አይቀላም! ሙሽራ አይደለሽ፣ ቻይው» አለችኝ። እንግዲህ ቻይ ተብያለሁ፣ ቻልሁት።

ጧት አክስቴ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ሚዜዬ ፈታችኝ። መዳፌን ብታዩት! የበሰለ በርበሬ መስሏል። ጣቶቼ እስከ ጥፍሬ ድረስ ደምቀዋል፤ እንዲህ ያለ ቅላት በማንም ሙሽራ እጅ አይቼ አላውቅም። እልል ልትል አፏን የከፈተችው ሚዜዬ ግን ዓይኗ ወደ አንጓዬ ወረደና እልልታዋ እዚያው ቀረ። ሁለቱም አንጓዎቼ ዙሪያውን አብጠው፣ ውሃ ቋጥረው፣ አምባር ያደረግሁ መስያለሁ። «ወላሂ፣ ይኼ እንሶስላ አይደለም» አለች። ማሰሪያውን አንሥቼ አየሁት። ከቅጠሉ ሥር አንድ ብር የመሰለ ጸጉር ተጣብቋል።

አዞ ሐረግ! ያን ሁሉ ዘመን በዓይኔ ብቻ ስወደው የኖርሁት!

ከሕመሙ በፊት የታየኝ የሲሚንቶ መኪናው ነው፤ ወደኋላ እያለ ወደ አክስቴ ግቢ ሲገባ። «ማንም አይሰማም» አልኋት ሚዜዬን። «እናቴም፣ አባቴም፣ እሷም።» ማሰሪያውን ፍሙ ላይ ወረወርነው። እሷ ሮጣ ቅባትና ፋሻ ገዝታ መጣች። አክስቴ አዞ ሐረግን ከሌላው ሳትለይ መቅረቷ እንዴት እንደ ሆነ ያኔ አላሰብሁበትም፤ መሽቶባት ነው አልሁ። ከቅዳሴ እንደ ተመለሰች «አሳይኝ!» አለች፤ እጅጌዬን እስከ መዳፌ ጎትቼ ዘረጋሁላት። መዳፌን አፍንጫዋ እስኪነካ ድረስ አቅርባ አየችው። «እሰይ! ቀላልኝ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ መዳፌን ሳመችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እኔም አብሬያት አለቀስሁ፣ የእኔ እንኳ ግማሹ ከቃጠሎው ነው።

በሠርጉ ቀን ሚዜዬ ፋሻውን በሰፊ ነጭ ሪቫን ጠቅልላ ቋጠሮውን አበባ አስመሰለችው። እናቴ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትል ሁለታችን በአንድ ድምፅ «ፋሽን ነው!» አልን። ከዚያ መከራዬ ጀመረ። ዘመድ ሙሽራን አንጓዋን ጨብጦ ነው ለካ የሚስማት! ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም። አማቴ ከመራዊ መጥተው እጄን አገላበጡና «ይህን የመሰለ እንሶስላ ካየሁ ስንት ዘመኔ! ማን ይሆኑ ያሞቁሽ?» አሉ፤ ደስ ብሏቸው አንጓዬን ጭምቅ። «አክስቴ ናት፣ እማማ» አልሁ፣ ጥርሴን ነክሼ እየሣቅሁ። አክስቴ ከጎኔ አንገቷን ቀና አድርጋ አባቴን ትፈልጋለች፤ ሰማህ ወይ ልትለው።

የባሰው የጉልበት መሳሙ ነው። ከቤት ልወጣ ስል ተደፍቼ የአባቴን ጉልበት ሳምሁ። እሱም እንደ ወጉ መርቆ ሊያነሣኝ ጎንበስ አለና፣ ያን የሲሚንቶ ኩንታል የለመደ እጁን ዘርግቶ፣ ሁለቱንም አንጓዎቼን ጨብጦ ብድግ አደረገኝ። ሰማይና ምድር ዞረብኝ። ጩኸቱን ዋጥሁት፣ እንባውን ግን ማን ይይዘዋል? ዝርግፍ አለ። አባቴ ፊቴን አየ። ከሱ መለየት አቅቷት ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ፤ ያ ድንጋይ ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ ሳየው ሕመሙን ረስቼ የእውነቴን አለቀስሁ። ቪዲዮ ቀራጩ ይህን ሁሉ አንሥቶታል፤ ያየው ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» ይላል። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን አንጓቸው ላይ ሪቫን ያሰሩ ሙሽሮች አይቻለሁ። እኔ ምን አገባኝ፤ «ያምራል» ብዬ አልፋለሁ።

መራዊ ገባሁ። ቁስሉ ዳነ፤ ሁለቱም አንጓዬ ላይ ግን ጠቆር ያለ ቀለበት ቀረ። ሹም አቦ ስሄድ ሰፋፊ አምባር አደርግበታለሁ። ባሌና ሚዜዬ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት።

ለመስቀል ስመጣ አክስቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ወደ አጥሩ ጠቆመችኝ። «ያን እይው እስቲ! አዞ ሐረጉ ዘንድሮ እንዴት አድርጎ ፈነዳ! ያን ትልቁን፣ ያን ነጩን እይው!» አለችኝ። አየሁት። ፌስታል ነው። ነፋስ ከመንገድ አምጥቶ አጥሩ ላይ የሰቀለው ነጭ ፌስታል። ቀልዷን መስሎኝ በሳቅ ፈረስሁ። ዞር ስል ፊቷ ላይ ሳቅ የለም፤ የእውነቷን ነው የምትደነቀው።

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። አጥሩ ላይ ያን ያህል የቆየችው በዳበሳ ስትቆርጥ ነው። ሳማ ነከሰኝ ያለችው አዞ ሐረጉ ነው። መዳፌን አፍንጫዋ ድረስ ያቀረበችው ካልቀረበላት ስለማይታያት ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን ያ መሐላዋ ነው፤ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ስትል ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ! ትታዋለች። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባላል፤ መሐላዋ የደረሰባት መስሏት ፈርታ ይሆናል። ያን ሁሉ አበባ አሳድጋ፣ አሁን ለፌስታል ስትደነቅ ሳያት አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«አክስቴ፣ እሱኮ ፌስታል ነው» አልኋት።

ከዚያ እጄን ያዘችና «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሳማውን ከጎመን ሳትለይ ምን ግቢ ትጠብቃለች ብሎ ነገውኑ ያስለስነዋል።»

«አልነግረውም፤ ሐኪም ቤት ከሄድሽ።»

«አልሄድም!»

«እንግዲያው እነግረዋለሁ።»

«አንች እባብ!» አለችኝ፣ ግን ነጠላዋን ፍለጋ ተነሣች።

ለአባቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ልንሄድ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል አልነው። «እሰይ፣ ቀቅያት» አለ። ሐኪሙ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለ፤ ገፈፈውም። ስንመለስ አክስቴ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርጋ ከባጃጅ ስትወርድ አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ትክ ብሎ አየን፣ ከዚያ «ወንዛዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለጉልበት መነጽር የሚሰጥ?» አለ። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልንም፤ የዓይኗን ነገር ነገርነው። አዞ ሐረጉን ግን ከሆዴ አላወጣሁትም። አባቴ አክስቴ ደጃፍ ሄዶ፣ ከሳማው ራቅ አድርጎ፣ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እኔ ሻይ ላፈላ ገባሁ።

አክስቴ ሐኪሙ አታውልቂ ያላትን መነጽር ግንባሯ ላይ ሰቅላ ግቢዋን ትዞራለች። ዘመድ ከሩቅ አገር የመጣላት ይመስል እያንዳንዱን ቅጠል እያነሣች ትስቃለች፣ ትቆጣለች። በድንገት ጮኸች፤ «ይኼን አረም ማን አስገባው?» ቅንጨ አረም በቅሎ ኖሯል፤ ላም በልታው ወተቷ የሚመር፣ ሰው ነክቶት የሚያሳክክ። አባቴ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ምን አልሽ? አረም? ከአፍሽ ወጣ? እግዚኦ፣ ይህን ሳልሰማ ሞቼ ቢሆንስ!» እሷ በፌስታል እጇን ጠቅልላ እየነቀለች «ይኼ ይባላል እንጂ!» ትላለች። ያው የአጥሩ ፌስታል ነው።

ሻዩን ይዤ ወጣሁ። ብርጭቆ ሳጥብ አምባሬን አውልቄ እጅጌዬን ጠቅልዬ ነበር፤ ረሳሁት። ለአባቴ ሰጥቼ ለአክስቴ ብርጭቆዋን ስዘረጋላት አልተቀበለችኝም። አንጓዬን ያዘች። ሌላኛውንም ያዘች። ወደ አፍንጫዋ አላቀረበችውም፤ ካለበት ሆኖ ነው ያየችው።

«ይኼ አዞ ሐረግ ነው» አለች። «የትኛዋ ጅል ናት አዞ ሐረግ ያሰረችብሽ?»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀምጦ አንጓዎቼን አየ። አጥሩን አየ። የእህቱን መነጽር አየ። «ያን ቀን ያለቀስሽው...» አለኝ በዝግታ፤ አልጨረሰውም። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ። «መራዊ ነው እባክሽ። ማገዶ አስራበት ነው፤ የከተማ ልጅ ምን ታውቃለች!»

«ማገዶ?» አለች አክስቴ። አውራ ጣቷን በጠባሳው ላይ እያዞረች። «ማገዶ አስራ ሁለቱም እጇ ላይ እኩል አምባር ይወጣላታል?»

ከዚያ ያን ማታ ሳማ ነከሳቸው ያለቻቸውን የራሷን ጣቶች አየቻቸው። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችው። ከግድግዳው ሥር ማጭዷን አነሣችና ወደ አጥሩ፣ ወደ አዞ ሐረጉ ሄደች። «ቃልህን ፈጽም» አለችው፣ ሳትዞር። «ሰው ጎድቻለሁ። የገዛ ልጄን!»

አባቴ ተነሣ። ከሳማው ጎን ሲያልፍ እንኳ ክንዱን አልሰበሰበም። ማጭዱን ከእጇ ወሰደና አጥሩን ቀና ብሎ አየው፤ በነፋሱ እየተወዛወዘ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆኗል።

«ሲሚንቶ ዘንድሮ ተወዷል» አለ። «ደግሞ ተይው፤ አበባው ያምራል።»

ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሻዩን እስከ ጭላጩ ጠጣው።